ዓሣ እያጠመድን ያወጋነው

በዚህ ዓምድ ስለ ኮምፒዩተር ጨዋታ መጻፌ አንዳንዶቻችሁን ሳያስገርም አይቀርም። ጨዋታ የልጅ ነው፣ ያውም የሥራ ፈት ልጅ፣ ሲባል እየሰማሁ አድጌአለሁ። ይሁን እንጂ ሩንስኬፕ የሚባለው ጨዋታ በተነሣ ቁጥር ሆዴ ይባባል፤ ታላቅ ወንድሜ ትዝ ይለኛልና።

ወንድሜ በ1999 ዓ.ም. የዲቪ ዕጣ ደርሶት ወደ አሜሪካ ሲሄድ እኔ የ16 ዓመት ተማሪ ነበርኩ። የስልክ ሒሳብ የማይቀመስ በመሆኑ ቅዳሜ ቅዳሜ ከቀኑ በ11 ሰዓት ከሠፈራችን ኢንተርኔት ቤት እገባለሁ። እርሱ ዘንድ ረፋድ ነው፤ ከሌሊት ሥራው መመለሱ ነው። የምንገናኘውም እዚሁ ጨዋታ ውስጥ ነበር። ሩንስኬፕን እ.ኤ.አ. በ2001 ለሕዝብ ያቀረበው እንግሊዛዊው አንድሩ ጋወር ሲሆን፣ በወንድሙ በፖል እየታገዘ የጀመረው ከወላጆቹ ቤት ነው። ቀለል ያለ ስለሆነ በዚያ ዘገምተኛ መስመር እንኳ ይከፈት ነበር።

ተጫዋቹ ሰይፍ ታጥቆ ከጭራቅና ከዘንዶ ጋር ይዋጋል። እኛ ግን ለውጊያው እምብዛም ነበርን። ድሬይነር በምትባል መንደር ከውኃው ዳር ቆመን በመረብ እናጠምዳለን፤ እሳት አንድደንም እንጠብሳለን። አብዛኛውን የማሳርረው እኔ ነኝ። የምንጽፈው ከራሳችን በላይ በቢጫ ቀለም ብቅ ይላል። በላቲን ፊደል የተጻፈ አማርኛ ስለሆነ በአጠገባችን የሚያልፈው ሁሉ አይገባውም።

በስልክ የደወለ እንደሆነ እማዬ ከጎኔ ስለምትቆም «ደህና ነኝ» ከማለት አያልፍም። ዓሣ ሲያጠምድ ግን የሌሊቱ ሥራ እንደከበደው፣ አንድ ቀን በረዶው ውስጥ ቆሞ እንዳለቀሰ ሁሉ ይጽፍልኛል። «እህት ዓለም፣ ለእማዬ እንዳትነግሪያት» ይላል። አልነገርኳትም። የኢንተርኔት ቤቱ ልጅ «ሰዓትሽ አልቋል» ብሎ ወሬያችንን ስንቴ ከመሐል ቆርጦታል!

እ.ኤ.አ. በ2008 መጀመሪያ፣ የጨዋታውን ገንዘብ በእውነተኛ ገንዘብ የሚቸረችሩትን ለመግታት፣ ተመጣጣኝ ዋጋ ሳይከፈል ዕቃ መሰጣጠት ተከለከለ። ወንድሜ ሊሰጠኝ ያዘጋጀው ውድ ጥሩር እጁ ላይ ቀረ። «ለቤት ብር ስልክ ያልከለከለኝ የለም፤ ለአንቺ ጥሩር ግን ተከለከልኩ» ብሎ አሳቀኝ። ክልከላው በ2011 ሲነሣ እርሱ ሁለተኛ ሥራ ይዞ፣ እኔም ሥራ ጀምሬ ሁለታችንም ትተነው ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2013 ከ400,000 በላይ ሰዎች ድምፅ ሰጥተው የ2007ቱ ጨዋታ ተመልሶ ተከፈተ። ከ2018 ወዲህ በስልክም ይገኛል። ባለፈው ክረምት ልጆቼን አስተኝቼ ገባሁ። ውኃው፣ ዛፉ፣ ሙዚቃው ሳይቀር እንደነበረ ነው። ሁሉም ሰው ከመጀመሪያው ደረጃ እንዲነሣ ስለተደረገ የቅዳሜዎቻችን ድካም አንዱም የለም። ይህ አላሳዘነኝም። ከጎኔ የቆሙት ግን ሁሉም ዝም ብለው ያጠምዳሉ።

ዛሬ ከወንድሜ ጋር በየቀኑ በስልክ ፊት ለፊት እየተያየን እናወራለን። ልጆቹ፣ ልጆቼ፣ የኑሮው ውድነት ይነሣል። ስለ ራሱ ስጠይቀው ግን ያው «ደህና ነኝ» ነው። በቅርቡ የ12 ዓመት ልጁ ከጨዋታ አልላቀቅ ብሎ እንዳስቸገረው ሲያማርር፣ «ለመሆኑ ከማን ጋር ነው የሚጫወተው?» አልኩት። ዝም አለ። ትንሽ ቆየና፣ «ያቺ መንደር ማን ነበር ስሟ?» ሲል ጠየቀኝ።