የተራራ ብስክሌቴን ስለ መሸጤ

አዲስ አበባ በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማት ሥራዋን ከጀመረች ወዲህ ከእግረኛው መንገድ ጎን የብስክሌት መስመር ማየት ለምደናል። እንደ እኔ ዐርባዎቹን የተሻገሩ ወዳጆቼም «ለመሆኑ የትኛውን ብስክሌት እንግዛ?» እያሉ ይጠይቁኛል። የሚጠይቁኝ ሊቅ ሆኜ ሳይሆን የምኖረው ባሕር ዳር፣ በብስክሌት ከተማ ስለሆነ ነው። እኔም የራሴን የተራራ ብስክሌት ለምን እንደ ሸጥኩት እነግራቸዋለሁ።

ብስክሌቱን በ2010 ዓ.ም. የላከልኝ ባሕር ማዶ የሚኖር ዘመዴ ነው። እኔ የአምደወርቅ ልጅ ነኝ፤ ዋግ ኽምራ ደግሞ ተራራ ነው፤ ስለዚህ ለተራራ ልጅ የተራራ ብስክሌት! ከፊትም ከኋላም ሞላ ያለው፣ ጎማው ጥርስ ያወጣ፣ ካምቢዮው የበዛ ግሩም ዕቃ ነበር። ይሁን እንጂ ባሕር ዳር ሜዳ ናት። የእኔም አነዳድ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ፣ የፈተና ወረቀት ከኋላ አስሮ፣ ላገኙት ሁሉ ሰላምታ እየሰጡ መሄድ ነው። ያ ብስክሌት ደግሞ ካላጎነበሱለት አይሄድም፤ ወረቀት የሚታሰርበት ቦታ የለውም፤ ጥርሳሙ ጎማም አስፋልት ላይ እያጉረመረመ ጉልበት ይበላል።

«እንግዲያው ወደ ተራራው ልውሰደው» ብዬ በዚያው ክረምት አምደወርቅ ይዤው ሄድኩ። ዳገቱ ላይ ፔዳሉን በረገጥኩ ቁጥር የኋላው ሞላ ይሰምጣል፤ ወደ ፊት ሊያስኬደኝ የሚገባው ጉልበት ሞላውን ሲጨምቅ ያልቃል። ጭቃው ጎማው ላይ ሲጠቀጠቅ ወርጄ መግፋት ያዝኩ። በዚህ መሐል ዱቄት የተጫነች አህያቸውን እየነዱ ከወፍጮ ቤት የሚመለሱ አጎቴ ደረሱብኝ። ብስክሌቱን ዞረው ዞረው አዩና፣

«ለመሆኑ እህሉ የት ነው የሚጫነው?» አሉኝ።

«እህል አይጭንም፤ ለሰው ብቻ ነው።»

«ታዲያ ሰውየው ለምን ከጎኑ በእግሩ ይሄዳል?»

መልስ አልነበረኝም። ኋላ ታሪኩን ሳነብ ግን አጎቴ ነገሩን ከሥሩ እንደ ነኩት ገባኝ። የተራራ ብስክሌት የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ በታማልፓይስ ተራራ አካባቢ ነው። ወጣቶቹ አሮጌ ብስክሌቶቻቸውን በመኪና ጭነው ጫፍ ላይ ያወጡና ቁልቁል ይለቋቸው ነበር። ፍሬኑ ከመጋሉ የተነሣ ግሪሱ ተቃጥሎ ስለሚያልቅ ከቁልቁለቱ በኋላ እንደገና መሙላት ያስፈልግ ነበር፤ «ሪፓክ» የተባለው ውድድራቸው ስሙን ያገኘው ከዚህ ነው። ስፖርቱ ዳገትንም ጨምሮ በ1996 አትላንታ ኦሎምፒክ ገባ። መነሻው ግን ይኸው ነው፤ ዳገቱን የሚወጣው መኪና፣ ቁልቁለቱን የሚዝናናበት ሰው። ተራራ ላይ የሚያርስና ውኃ የሚቀዳ ሰው በሐሳቡ ውስጥ አልነበረም።

በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ2005 የተቋቋመው ወርልድ ባይሲክል ሪሊፍ ለአፍሪካ ገጠር ያሠራው «ቡፋሎ» የተባለ ብስክሌት አለ። ሞላ የለውም፤ ከባድ ብረት ነው፤ የኋላ መጫኛው ግን 100 ኪሎ ግራም ይሸከማል። የአጎቴን ጥያቄ አስቀድሞ የጠየቀ ሰው እንዳለበት ያስታውቃል። (የዋግ ዳገት ላይ እሱም መገፋቱ አይቀርም፤ ቢያንስ ግን ተጭኖ ይገፋል።)

ከሩቅ ሆነው ለደጋው ሕዝብ የሚያቅዱ ሰዎች ስብሰባ ላይ አልፎ አልፎ እቀመጣለሁ። የዕቅዱ ስም ሁልጊዜ ያምራል፤ «ለተራራማ አካባቢዎች» የሚል አይጠፋበትም። በዚያ ሰዓት እጄን አውጥቼ እህሉ የት እንደሚጫን እጠይቃለሁ። አንዳንዶቹ እንደ ቀልድ ይወስዱታል። ሲስቁ እንኳ መልሱ እስኪመጣ እጠብቃለሁ፤ ብዙ ጊዜ አይመጣም።

ብስክሌቱን በ2011 ዓ.ም. መስከረም ላይ ባሕር ዳር ሸጥኩት። ከመጡት ገዢዎች መካከል አንዱ ወጣት ከዋጋው በፊት «መምህር፣ ከቤዛዊት ኮረብታ ቁልቁል ስለቀው ፍሬኑ ይይዛል?» ብሎ ጠየቀኝ። ሌሎቹ የተሻለ ዋጋ ሰጥተውኝ ነበር፤ ለእሱ ግን ቀንሼ ሸጥኩለት። በገንዘቡ ያረጀ ጥቁር የቻይና ብስክሌት ገዛሁ፤ መጫኛው ሲላቀቅ ሰፈራችን ያለው በያጅ በየድልኝ፣ ይኸው እስከ ዛሬ የፈተና ወረቀት ይጭናል።