ከፈተና ነፃ የሚያደርግ ወረቀት

ባለፈው ሳምንት አንዲት የድሮ ተማሪዬ ከጎባ ደወለችልኝ። ዛሬ እሷም በተራዋ የተማሪ እናት ሆናለች። ልጇ ዘንድሮ የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ናት፤ የሚጥል በሽታ አለባት። "ቲቸር፣ ሐኪም ወረቀት ቢጽፍላት ማትሪኩ ቀርቶላት በክፍል ውጤቷ ዩኒቨርሲቲ አያስገቧትም? የሚያውቁት ሰው የለም?" አለችኝ። ድምጿ ይንቀጠቀጥ ነበር።

"እንዲህ ያለ ወረቀት የለም" አልኳት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን መልሴ አጠረብኝ። ለሷ ያልነገርኳትን እዚህ ልጻፈው። እንደሷ የተጨነቀ ወላጅ በመካከላችሁ እንደሚኖር አውቃለሁ።

በአገራችን የ12ኛ ክፍል ፈተና ላይ "ታሟልና ይቅርለት" የሚባል ነገር የለም። ያልተቀመጠ ውጤት የለውም፤ ውጤት የሌለው ዩኒቨርሲቲ አይገባም። እንግሊዝ አገር አንድ ልጅ በፈተና ቀን ቢታመምና አንድ ወረቀት ቢያመልጠው፣ ከተፈተናቸው ከሌሎቹ ተሰልቶ ውጤት ሊሰጠው ይችላል። በኮሮና ጊዜ፣ በ2020 እ.ኤ.አ.፣ እንዲያውም ፈተናውን ለሁሉም ሰርዘው ነበር። እኛ ጋ የ2012 ተፈታኞች ወደ 2013 ዓ.ም. ተገፍተው ተፈተኑ እንጂ ፈተናው አልቀረላቸውም።

እውነቱን ለመናገር፣ እኔም ለብዙ ዓመት "ምናለ ለታመመ ልጅ ቢቀርለት" እል ነበር። ሐሳቤን ያስቀየረኝ አንድ ልጅ ነው።

ሮቤ ሒሳብ ሳስተምር ማየት የተሳነው ተማሪ ነበረኝ። እንደምታውቁት ማየት የተሳናቸው ተማሪዎች ሁለተኛ ደረጃ ላይ ሒሳብ አይማሩም፣ ብሔራዊ ፈተና ላይም ሒሳብ አይቀመጡም። ስለዚህ የኔ ክፍለ ጊዜ ሲደርስ ልጁ ወጥቶ ግድግዳ ተደግፎ ፀሐይ ይሞቃል። የሮቤን የጠዋት ብርድ የምታውቁ፣ ፀሐይ መሞቅ ምን ያህል ደስ እንደሚል ታውቃላችሁ። እኔም "ጎሽ፣ ተገላገለ" እል ነበር። ደግ አስተማሪ የሆንኩ መስሎኝ።

አንድ ቀን ስወጣ በድምፄ ለየኝና "ቲቸር፣ ጥፋቴ ምንድነው?" አለኝ።

"የምን ጥፋት?"

"ክፍል ውስጥ የረበሸ ነው ውጭ የሚቆመው። እኔ ምን አጥፍቼ ነው?"

የምመልሰው አጣሁ። ኢኮኖሚክስ መማር ይፈልግ ነበር። ያለ ሒሳብ እንዴት ይሆናል? ሒሳብ የሚጻፍበት የብሬል ምልክት በዓለም ላይ ከተሠራ ብዙ አሥርት ዓመታት አልፈዋል፤ ያ ልጅ ሒሳብን ሊማር ያልቻለው ዓይኑ ስላላየ ሳይሆን፣ እኔም ሆንኩ ሌላው የሚያስተምርበትን መንገድ ስላልተማርን ነው። "ይቅርልህ" ያልነው ለሱ አዝነን ይመስለን ነበር፤ ሥራው የቀረልን ለእኛ ነው። ዛሬ ሕግ ተምሮ ጥሩ ደረጃ ላይ ነው። ግን ሕግን የመረጠው ሌላው በር ስለተዘጋበት እንደሆነ እሱም እኔም እናውቃለን።

ሁለተኛዋ ልጅ በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ ፈተናው ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ሲሰጥ የተፈተነች ናት። ስርቆቱን ለማስቀረት ተብሎ ተማሪው ሁሉ ግቢ ገብቶ እያደረ፣ ያለ ስልክ ተፈተነ። እሷም የሚጥል በሽታ ነበረባት። አባቷ "ልጄ ሰው ፊት ስትወድቅ አላይም፣ ትቅርብኝ" አለ። እኔ ደግሞ የፀሐዩ ልጅ ፊቴ ላይ ድቅን አለብኝ።

አባትየውን ይዤ ክትትል ወደምታደርግበት ወደ ጎባ ሆስፒታል ሄድን። ሐኪሙ የጻፈው ወረቀት "ነፃ ትሁን" አይልም። መድኃኒቷን ይዛ ትግባ፣ በሰዓቷ ትውሰድ፣ ከተደራራቢ አልጋ የታችኛውን ትያዝ፣ እንቅልፍ አታጓድል ይላል። ከጣላት ምን እንደሚደረግም ጨመረበት፦ በጎኗ አስተኟት፣ ከጭንቅላቷ ስር ልብስ አድርጉ፣ አፏ ውስጥ ምንም አትክተቱ፣ ክብሪት አታሽትቱ፣ አምስት ደቂቃ ካለፈ ወደ ሕክምና ውሰዷት። አብረዋት ለሚገቡ ሁለት ጓደኞቿ ይህንኑ በቃላቸው አስያዝናቸው።

በሁለተኛው ሌሊት ጣላት። ጓደኞቿ የተባሉትን አደረጉ። ጠዋት ራሷ እንደከበዳት ገብታ ተፈተነች።

ውጤት ሲመጣ 50 በመቶ አልሞላችም። ከተፈተነው ተማሪ 3.3 በመቶ ብቻ ያለፈበት ዓመት ነው፣ ታስታውሱታላችሁ። ጎረቤት "ድሮውንስ በበሽታዋ ላይ ምን አስፈተናት" አለ። እኔም ጥፋተኝነት ተሰማኝና ልጠይቃት ሄድኩ። እያፈላች የነበረውን ቡና ቀድታ ሰጠችኝና ሳቅ እያለች፣ "ቲቸር፣ እንደ ሁሉም ሰው ወደቅኩ እኮ" አለችኝ።

ያቺን አባባል እስከ ዛሬ አልረሳትም። ዕድሜዋን ሙሉ ስትወድቅ የኖረችው ብቻዋን ነበር። ከዚያ በኋላ ሪሚዲያል ገባች፣ አለፈች፣ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ናት።

ግን ራሴን የምጠይቀው ነገር አለ። ሌሊት የጣላት በሽታ ጠዋት፣ ፈተናው መሐል ቢጥላትስ? ያ ወረቀት እዚያው ባዶውን ይቀር ነበር። ስለዚህ ጥያቄያችን "ይቅርላት" ሳይሆን "ሌላ ቀን ይሰጣት" መሆን አለበት። ይህ ደግሞ የማይቻል አይደለም። ሰኔ 2011 ዓ.ም. መቱ ውስጥ አንዲት የ21 ዓመት ወጣት ወልዳ በ30 ደቂቃ ውስጥ ሆስፒታል አልጋ ላይ ሆና የ10ኛ ክፍል ፈተና ስትፈተን ዓለም አይቷታል። ፈተናው ወደ አልጋዋ ሄደ ማለት ነው። በጸጥታ ችግር ላልተፈተኑ ተማሪዎችም ሁለተኛ ዙር ሲዘጋጅ አይተናል። ጦርነት ላስቀረው ልጅ የተቻለ፣ ሕመም ላስቀረው ለምን አይቻልም? እናት ሰው ፍለጋ ስልክ ሳትደውል፣ ሁሉም የሚያውቀው የተጻፈ ደንብ ሆኖ።

እስከዚያው፣ ለደወልሽልኝ ልጄ፦ ወረቀቱን አጽፊ፣ ግን እንዳትቀር ሳይሆን እንድትፈተን የሚረዳትን። ሐኪሟን ዛሬውኑ አግኚው። መድኃኒቱ እንዳያልቅባት ከአሁኑ ግዥ፤ ለፈተና ብላ ሌሊት እያነጋች እንዳታጠና፣ እንቅልፍ ማጣት በሽታውን ይቀሰቅሰዋልና። ለርዕሰ መምህሩ ደብቀሽ አትያዢ፣ ንገሪያቸው። አብረዋት የሚያድሩት ልጆች ይወቁ። የሚያሳፍር ነገር የለውም።

መምህራን የሆናችሁ የድሮ ተማሪዎቼ ደግሞ፣ በክፍለ ጊዜያችሁ ውጭ ፀሐይ የሚሞቅ ልጅ ካለ ዛሬውኑ ወጥታችሁ አናግሩት። እኔ እስኪጠይቀኝ ጠብቄ ነበር።