በልስን የማይጠገን ሕንጻ

የንፋስ ስልክ ላፍቶ ስም ራሱ ከቴክኖሎጂ የመጣ ነው። አባቶቻችን ሽቦ ሳይዘረጋለት በአየር የሚሄደውን መልእክት «ነፋስ ስልክ» አሉት፤ ስሙም ለሰፈሩ ቀረ። በአሮጌው ኤርፖርት በኩል፣ ውድ አንባቢያን፣ ብዙዎቻችሁ በአጥሩ ሥር ያለፋችሁበት የኔዘርላንድስ ኤምባሲ ይገኛል።

ሕንጻው በባሕር ዛፎች መካከል ረዝሞና ዝቅ ብሎ ተጋድሟል። የነደፉት ዲክ ቫን ጋመረንና ቢያርነ ማስተንብሩክ ከአገራችን የራሔል ሻውል አባ አርክቴክቶች ጋር ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2005 ተጠናቀቀ። ግድግዳው አፈራችንን የሚመስል ቀይ አርማታ ነው፤ ቀለሙ ከሲሚንቶው ጋር ተቦክቶ እንጂ ከላይ ተቀብቶ አይደለም። ጣሪያው ደግሞ የዝናብ ውሃ እንዲያቁር ተደርጎ ተሠርቷል። እ.ኤ.አ. በ2007 የአጋ ካን የሥነ ሕንጻ ሽልማትን አግኝቷል።

ይኸው ሽልማት እ.ኤ.አ. በ1983 ለጂዳው የሐጅ ተርሚናል ተሰጥቶ ነበር። ከሐጅ የተመለሱ እናቶቻችንና አባቶቻችን ያንን የድንኳን ጣሪያ ያስታውሱታል። በቴፍሎን ከተለበጠ የመስታወት ክር ጨርቅ የተሠሩት 210 ድንኳኖች ከብረት ምሰሶዎች ላይ ተወጥረዋል፤ ጎኑ ክፍት ስለሆነ ነፋስ ይገባል፣ ሙቀቱም በየድንኳኑ አናት ቀዳዳ ይወጣል። መሐንዲሱ የዳካው ተወላጅ ፈዝሉር ራህማን ኻን ነበሩ። ተርሚናሉ በተከፈተ ማግሥት ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1982፣ እዚያው ጂዳ ውስጥ አረፉ።

እንዲህ ያሉ ሕንጻዎች ጥገናቸው እንደ ጭቃ ቤት ወይም እንደ ድንጋይ ግንብ አይደለም። የተሰነጠቀ ቀይ አርማታ በተራ ሲሚንቶ ቢደፈን ግራጫ ጠባሳ ሆኖ ይቀራል፤ ጠባሳውን ለመደበቅ ቀለም ቢቀባ ደግሞ ሕንጻው የተደነቀበት ነገር ራሱ ይጠፋል። ለዚህ የሚያስፈልገው የቡኬቱ መጠን፣ የአሸዋው ዓይነትና አርማታው የፈሰሰበት የጣውላ ቅርጽ ተመዝግቦ መቆየቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 የተሠራው የአፍሪካ አዳራሽ በጥቅምት 2024 ታድሶ ሲከፈት፣ ጥቃቅን ሰድሎቹ የቀድሞውን ቀለም እንዲመስሉ ተደርገው እንደገና ተሠርተው ነበር። የአፈወርቅ ተክሌ የመስታወት ሥዕልም አብሮ ተጠግኗል።

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማቱ የብዙ ሕንጻዎች ፊት አዲስ ቀለም ተቀብቷል። ጽዳቱን አንጠላም። ነገር ግን አንድ ሕንጻ ስልሳ ዓመት ካልሞላው ቅርስ አይባልም የሚለው አስተሳሰብ ያሳስበናል፤ ያን ጊዜ አርማታውን ያቦኩት ባለሙያዎች አይኖሩምና። ዛሬ ግን ብዙዎቹ ገና በሥራ ላይ ናቸው፤ የምህንድስና ተማሪ ልጅ ያላችሁ ቤተሰቦች ደብተሩን አስይዛችሁ ወደ እነርሱ ላኩት።