የቀረው ሰው የት ይጻፋል?

የእህል ነጋዴ ሦስት ነገር ይጽፋል፤ የገባውን፣ የወጣውንና የቀረውን። የገባውን ብቻ የሚጽፍ ነጋዴ ዓመት ሳይሞላው ይከስራል። እህል በረንዳ ያደገ ልጅ ይህን የሚያውቀው ፊደል ሳይቆጥር ነው።

የጤና መዝገባችንስ?

ከእህል በረንዳ ብዙ ሳይርቅ አማኑኤል ሆስፒታል አለ። በ1930 ዓ.ም. የተቋቋመው ይህ ሆስፒታል ለረጅም ዘመን የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ስለነበረ፣ ሕመምተኛ ከየአገሩ በዘመድ ታጅቦ፣ አንዳንዴም በገመድ ታስሮ ይመጣ ነበር። ስለዚህ ሕክምናውን ወደ ጤና ጣቢያ ማቅረብ ግድ ሆነ። ከ2005 እስከ 2008 ዓ.ም. ለነበረው ጊዜ የወጣው ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂ ይህንኑ አለመ። በጉራጌ ምድር በሶዶ ወረዳም “ፕራይም” በተባለው ፕሮጀክት የጤና ጣቢያ ባለሙያዎች ሠልጥነው የአእምሮ ሕመምንና የሚጥል በሽታን ማከም ጀመሩ።

ሥራው መልካም ነው። ነገር ግን ጤና ጣቢያ በየወሩ ወደ በላይ አካል የሚልከው ሪፖርት ድምር ነው። በ2010ዎቹ በአገር ደረጃ የተስፋፋው ዲኤችአይኤስ 2 የተባለው የኮምፒውተር ሥርዓትም ድምሩን አፋጠነው። ድምር ደግሞ ስም የለውም። ባለፈው ወር 20 ሰው፣ በዚህ ወርም 20 ሰው ታከመ ቢባል፣ ያው ሰዎች ይሁኑ ሌሎች ከቁጥሩ አይታወቅም።

በሰፈራችን ኩንታል ተሸካሚ የሆነ ጎልማሳ ነበር። መድኃኒት ሲጀምር ጆሮው ላይ የሚጮኸው ድምፅ ጸጥ አለለት፤ ወደ ሥራውም ተመለሰ። ጥቂት ቆይቶ ተወው። ምክንያቱን ብጠይቀው፣ “እሱን ስውጥ ይርበኛል፤ በምን ልብላ?” አለኝ። ቀኑን ሙሉ ጤፍ የሚሸከም ሰው! አንዳንዱ የአእምሮ መድኃኒት የምግብ ፍላጎት እንደሚጨምር ሐኪሞች ያውቃሉ። የቀጠሮው ቀን ሲያልፍ ግን “የት ቀረ?” ያለ ባለሙያ አልነበረም።

የእያንዳንዱ ሕመምተኛ ካርድ በኮምፒውተር ቢያዝ ከቀጠሮው የቀረውን ሰው ስም በማግስቱ አውጥቶ ማሳየት ይቻላል። ደጃፉን የሚያንኳኳው ግን ሰው ነው፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ናት። እሷም ድምፅ ዝቅ አድርጋ ማንኳኳት ይኖርባታል፤ ጎረቤት “አበደ” ያለውን ሰው ኩንታል የሚያሸክመው የለምና። ምስጢር የማይጠብቅ መዝገብ ከነጭራሹ ባይኖር ይሻላል።

አንድ ነገር ልጨምር። በዚያ ካርድ ላይ “መድኃኒቱን ወስደሃል?” ከሚለው ጥያቄ ጎን “በልተሃል?” የሚል ይጻፍበት።