ያለ ጥፋቱ የተሸጠው ቴሌቪዥን

ነገሩ የጀመረው አንድ ቅዳሜ ማታ በተደወለ ስልክ ነው።

ታላቅ ወንድም አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ነው ያለው። አባቱ አዲስ አበባ፣ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ከታናሽ እህቱና ከእሷ ልጅ ጋር ይኖራሉ። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ሰፈሩም ልጆቻቸውም «ጋሼ» ነው የሚሏቸው። እንደ ወትሮው ሰላምታው ተደረገ፣ ጤና ተጠየቀ፣ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ተባለ። ስልኩ ሊዘጋ ሲል ጋሼ እንደ ቀልድ አንድ ነገር ጣል አደረጉ።

«ይሄ ቴሌቪዥን ግን ደክሟል መሰለኝ። ሰዉ ሁሉ ጭጋግ ውስጥ ሆኖ ነው የሚያወራው።»

ጋሼ ገንዘብ አይጠይቁም። ቢላክላቸውም «ለራስህ አድርገው» ባይ ናቸው። ለአባቱ የሚያደርገው ነገር ጠፍቶት ለከረመ ልጅ ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር በቂ ነበረች። ስም ያለው፣ ዋጋ ያለው፣ ተገዝቶ የሚያልቅ ችግር ተገኘ! በሳምንቱ ብሩ ደረሰ። ትእዛዙም አብሮ ደረሰ፦ «ፍላት ይሁን። ትልቅ ይሁን። ሲገጠም ፎቶ ላኪልኝ።»

የጋሼ ቴሌቪዥን ጀርባው ያበጠ፣ ባለ 21 ኢንች የድሮ ዕቃ ነው። ላዩ ላይ ሟች ባለቤታቸው በእጃቸው የሠሩት ዳንቴል ተዘርግቶበታል። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ጋሼ ልጅ ነበሩ፤ በ1977 ዓ.ም. የአብዮቱ 10ኛ ዓመት ሲከበር ስርጭቱ ባለ ቀለም ሲሆን ደግሞ ወጣት መምህር። ዜና ሳያዩ አይተኙም። ኳስ ካለማ እራትም ይዘገያል።

እህት መርካቶ ወረደች።

የቴሌቪዥን መደብር የገባ ሰው ያውቀዋል። ግድግዳው ሙሉ በስክሪን ያበራል፤ ፏፏቴ፣ በቀቀን፣ ለሁለት የተከፈለ ሐብሐብ። ቀለሙ ዓይን ይሰርቃል። ሚስጥሩ ቀላል ነው፦ መደብር ውስጥ የቴሌቪዥኑ ብርሃንና ቀለም እስከ ጫፍ ይከፈታል፤ የሚታየውም ለማሳያ ተብሎ በከፍተኛ ጥራት የተቀረጸ ነው። ቤት ሲገባ ያ ፏፏቴ የለም። ያለው የማታው ዜና ነው።

እህት ግን በቀላሉ የምትሸወድ አይደለችም። ሳምንቱን ሙሉ ስትጠይቅ ከርማለች። ኢንች የሚለካው በአግድም ሳይሆን ከጥግ እስከ ጥግ በሰያፍ መሆኑን ታውቃለች፤ 43 ኢንች ማለት ወደ 109 ሳንቲ ሜትር፣ 55 ኢንች ደግሞ ወደ 140 ሳንቲ ሜትር ነው። ፉል ኤችዲ የሚባለው ወደ ጎን 1920፣ ወደ ታች 1080 ነጥቦች እንዳሉት፣ ፎርኬ ደግሞ የዚያ አራት እጥፍ ነጥብ እንደሚይዝ አጥንታለች። ሜትር ይዛ ከሶፋው እስከ ግድግዳው ለክታለች፦ 2 ሜትር ከ40። ለዚህ ርቀት 55 በቂ ነው፤ 43ም አያሳፍርም።

«43 ይበቃናል» አለች።

ሻጩ ፈገግ አለ። «እህቴ፣ ቴሌቪዥን እኮ አንዴ ነው የሚገዛው።»

ይህች አባባል ስንቱን አክስራለች! በቪዲዮ ስልክ ላይ ያለው ወንድምም ከሻጩ ጋር ወገነ። «ለጋሼ ነው እኮ የምንገዛው! ትልቁን ውሰጂ፤ ዓይናቸው እንዳይደክም።»

ዓይናቸው እንዳይደክም። ልብ በሉ፣ ቃሉ እዚያው መደብር ውስጥ ወጥቶ ነበር። ማንም አላነሳውም።

ባለ 55 ኢንቹ ፎርኬ ተገዛ። የሞዴል ቁጥሩ ከካርቶኑ ጋር ተመሳከረ፣ የዋስትና ወረቀቱ ላይ ማኅተም ተደረገ፣ በነጭ ምስልና በጥቁር ምስል ተበርቶ የሞተ ነጥብ እንደሌለው ታየ። መብራቱ ሲመጣና ሲሄድ እንዳያቃጥለው ስታቢላይዘር ተጨመረ። ወዛደሮቹ መኪና ላይ በጀርባው ሊያስተኙት ሲሉ እህት «አቁማችሁ ጫኑት!» ብላ ጮኸች። እውነቷን ነው። ፍላት ስክሪን ተኝቶ ሲጓዝ ሊሰነጠቅ ይችላል፤ ስክሪኑ ከተሰነጠቀ ደግሞ ለማስቀየሪያው የሚጠየቀው ከአዲስ መግዣው ብዙም አይርቅም።

ቤት ሲደርስ ሌላ ትግል ነበር። የኮንዶሚኒየሙ ግድግዳ ብሎኬት ነው፤ ውስጡ ክፍት። ገጣሚው ሁለት ጊዜ በስቶ ሁለቴም ፊሸሩ ባዶ ቦታ ላይ ወደቀ፤ በሦስተኛው ያዘለት። ቴሌቪዥኑ ተሰቀለ። ፎቶው ሜሪላንድ ደረሰ። ጎረቤት «እንኳን ደስ አላችሁ» ሊል መጣ፣ ቡና ተፈላ። ጋሼ ከሶፋቸው ብድግ ብለው መረቁ። «እናንተን ያሳደግሁበት ድካም ዛሬ ተከፈለኝ» አሉ።

በማግስቱ ቆራሌው ከታች ሲጣራ አሮጌው ቴሌቪዥን በጥቂት ብር ተሸኘ። ዳንቴሉ ብቻ ቀረ።

ሳምንት ሳይሞላ እህት አንድ ነገር አስተዋለች። ጋሼ ከሶፋው ወደ በርጩማ ተዛውረዋል። በርጩማዋም በየቀኑ ወደ ቴሌቪዥኑ ትጠጋለች።

«ምነው ጋሼ፣ ምስሉ ጥሩ አይደለም እንዴ?»

«ኧረ ጥሩ ነው! እንደው ብርሃኑ ትንሽ ይወጋል እንጂ።»

ዲሽ ሠሪው ተጠራ። አየት አደረገና «ችግሩ ሪሲቨሩ ነው» አለ። ይሄም እውነት ነበረው። አሮጌው ሪሲቨር የተያያዘው በቀይ፣ በነጭና በቢጫ ገመድ ነው፤ ያ ገመድ ደግሞ ኤችዲ አያሳልፍም። ፎርኬ ቴሌቪዥን ገዝቶ በዚያ ገመድ የሚያይ ሰው ትልቅ ድስት ገዝቶ በሻይ ማንኪያ የሚጨልፍ ሰው ነው። አዲስ ኤችዲ ሪሲቨር ተገዛ፣ የኤችዲኤምአይ ገመድ ተሰካ፣ ዲሹም በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ኢትዮሳት ላይ በደንብ ተስተካከለ። ለውጡ ግልጽ ነበር። የዜና አንባቢዋ የጉትቻ ፈርጥ ሳይቀር ተቆጠረ።

የቆጠረችው ግን እህት ናት። በርጩማዋ ወደ ኋላ አልተመለሰችም።

ከዚያ ደማቁ የመደብር ብርሃን ተቀነሰ። ከዚያ «ከመስኮቱ የሚገባው ብርሃን ስክሪኑ ላይ ያንጸባርቃል» ተብሎ ወፍራም መጋረጃ ተሰቀለ። ወንድም ከሜሪላንድ «ኦሌድ የሚባለውን ነበር መግዛት የነበረብን» ብሎ ይጸጸት ጀመር። ቴሌቪዥኑ ተከሰሰ፤ ሪሲቨሩ ተከሰሰ፤ ገመዱ ተከሰሰ፤ መስኮቱም ሳይቀር ተከሰሰ።

ነገሩን የፈታችው የስድስት ዓመቷ የልጅ ልጅ ናት።

አንድ ማታ ኳስ እየታየ ሪሞቱን ስትነካካ ድምፁን አጠፋችው። ጨዋታው ቀጥሏል። ትንሽ ቆይቶ ጎል ገባ፤ ተጫዋቾቹ ተቃቀፉ፤ ሜዳው ሙሉ ተነሣ። ጋሼ ግን በርጩማቸው ላይ ጸጥ እንዳሉ ናቸው።

«ጋሼ፣ ጎል ገባ እኮ!»

«የቱ ጋ? ማን አገባ?»

ልጅቷ ወደ እናቷ ዞረች። «እማዬ፣ ጋሼ እኮ ቴሌቪዥን አያይም፤ ይሰማል።»

ቤቱ ጸጥ አለ። ጋሼ ሊቆጡ ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም። «መጀመሪያ ላይ የእውነቴን ነው፣ ቴሌቪዥኑ መስሎኝ ነበር» አሉ በመጨረሻ። «አዲሱ መጥቶም ጭጋጉ አልለቅ ሲል ገባኝ። ግን ያ ልጅ በሰው አገር ሌሊት ሠርቶ፣ ያን ሁሉ ብር ልኮ፣ አሁንም አይታየኝም ልበለው?»

ሌላም ነገር ነበር። የጋሼ አባት በስተርጅና ዓይናቸው ጠፍቶ፣ በልጅ እየተመሩ ነው ያለፉት። ጋሼ ያ ቀን ለእሳቸውም የመጣ መስሏቸዋል። ስሙን ካልጠሩት የሚዘገይ መስሏቸዋል።

የዓይን ሐኪሙ በትንሽ መብራት ተመልክቶ ብዙም አልቆየም። «ሞራ ነው፤ በሁለቱም ዓይን» አለ። ሞራ ማለት ዓይን ውስጥ ያለው ተፈጥሯዊ ሌንስ ከዕድሜ ጋር ሲደፈርስ ነው። ሰው በቆሸሸ መስታወት እንደሚያይ ሁሉ ነገር ይደበዝዝበታል፤ ደማቅ ብርሃን ደግሞ ይበተንና ይወጋዋል። ለዚህ ነው ያ ሁሉ የመደብር ድምቀት ለጋሼ ስቃይ የሆነው። ሞራ በኢትዮጵያ ለዓይነ ስውርነት ቀዳሚው ምክንያት ነው፤ ግን ደግሞ የሚመለስ ነው። የደፈረሰው ሌንስ ወጥቶ ሰው ሠራሽ ሌንስ ይተካል። ቀዶ ሕክምናው አብዛኛውን ጊዜ ዓይኑን ብቻ በማደንዘዝ የሚሠራ ሲሆን አንድ ሰዓት እንኳ አይፈጅም።

በመጀመሪያ የቀኝ ዓይናቸው ተሠራ። ፋሻው ተነሥቶ ቤት ሲገቡ ሁሉም ወደ ቴሌቪዥኑ የሚሄዱ መስሎት ነበር። ጋሼ ግን በሩ ላይ ቆመው ግድግዳውን አዩና «ይሄ ቤት ቀለም ከተቀባ ስንት ዓመቱ ነው?» አሉ። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞረው ረጅም ጊዜ አዩዋት።

«አንቺ ልጅ… ሸብተሻል እንዴ?»

እህት ሣቀች። ከዚያ ወደ ማድ ቤት ገብታ አለቀሰች። ለስንት ጊዜ ፊቷ ለአባቷ ጭጋግ ሆኖ እንደቆየ ያን ጊዜ ነው የገባት።

ከዚህ ታሪክ «ቴሌቪዥን አትግዙ» የሚል ትምህርት አይወጣም። ግዙ! ስትገዙም ለኩ፣ ዋስትናውን እዩ፣ ገመዱን አትርሱ። ግን ከሁሉም በፊት የሚያየውን ሰው እዩ። ለስክሪኑ ሳምንት ሙሉ የጠየቀች ልጅ፣ ለዓይኑ አንድ ጥያቄ አልጠየቀችም። በ43ቱና በ55ቱ መካከል የነበረው የዋጋ ልዩነት ብቻውን ለምርመራው ተርፎ ይበቃ ነበር።

ወላጅ ሕመሙን በስሙ አይጠራም። «ዓይኔ ደከመ» አይልም፤ «ቴሌቪዥኑ ደከመ» ይላል። «ጆሮዬ አልሰማ አለ» አይልም፤ «የዚህ ስልክ ድምፅ ትንሽ ነው» ይላል። «ጉልበቴ ከዳኝ» አይልም፤ «ይሄ ደረጃ ሲሠሩት አበዙት» ይላል። ጥፋቱን ለዕቃ ይሰጣል፤ ልጅም ዕቃ ይልካል። ሁለቱም በፍቅር ነው የሚያደርጉት። መሐል ላይ ግን ጊዜ ያልፋል፤ አንዳንዱ ሕመም ደግሞ እንደ ሞራ አይጠብቅም። ከውጭ አገር ለሚልኩ ልጆች ይህ ይበልጥ ይከብዳል። በስልክ የሚሰማው «ደህና ነኝ» ብቻ ነው፤ በርጩማዋ ስትጠጋ የሚታየው ቤት ለተቀመጠ ሰው ነው። ቤት ያለውም ቢሆን ካላስተዋለ አያያትም።

ያ አሮጌ ቴሌቪዥን ያለ ጥፋቱ ተፈርዶበት ሄደ። ዳንቴሉን ጋሼ በስታቢላይዘሩ ላይ ሊያለብሱት ብለው «እንዳይግል» ተብለው ተከለከሉ። አሁን በርጩማዋ ላይ ተዘርግቷል። በርጩማዋም ጥግ ሄዳለች።

ወንድምም ቅዳሜ ቅዳሜ ይደውላል። ዛሬ ግን በቪዲዮ ነው፤ «ምን ልላክ?» ከማለቱ በፊትም አንድ ጥያቄ አለችው።

«ጋሼ፣ የለበስኩት ሹራብ ምን ዓይነት ነው?»

«አረንጓዴ። ደግሞ ከስተሃል፤ ብላ።»

የወላጆቻችሁን ዕድሜ ከነዓይናቸው ያቆይላችሁ።