ስለ ቅንድባችንና ስለ ሁለቱ እርሳሶች

«ነገ ጠመኔ ጨብጣ ከሰሌዳ ፊት የምትቆም እጩ መምህርት ስለ ቅንድቧ ምን አስጨነቃት?» የሚሉ ወንድሞች አሉን። እኛ የሴቶች ማደሪያ ነዋሪዎች ይህን ጥያቄ በምግብ ሰልፍ ላይም፣ በቤተ መጻሕፍት በር ላይም ሰምተነዋል። መልሳችን አጭር ነው። ተማሪ ቀኑን ሙሉ የሚያየው የመምህሩን ፊት ነው፤ ቅንድብ ከፍ ሲል «እስቲ አንተ?» ማለት ነው፣ ሲኮሳተር ደግሞ የኋላ ወንበር ጫጫታ ይበርዳል። ደግሞስ እነሱ ጢማቸውን ሲከረክሙ ማን ጠየቃቸው?

እንግዲህ ቁም ነገሩ ዓይን ነው። ባለፈው መንፈቀ ዓመት የማስተማር ልምምድ ሊጀመር ሦስት ቀን ሲቀረው፣ አንዲት የማደሪያችን ልጅ የዓይኗ ቆብ አብጦ መግለጥ አቃታት። ባለሱቁ «ለቅንድብም ይሆናል፣ ቶሎ አይለቅም» ብሎ የሸጠላት የፀጉር ቀለም ነበር። እህታችን ለወራት የተዘጋጀችበትን ልምምድ የመጀመሪያ ሳምንት አልጋ ላይ አሳለፈችው፤ እኛም በተራ ጠብታ እየጨመርንላት ሰነበትን። ይህን ጽሑፍ ያጻፈን እሱ ነው።

ብዙ የፀጉር ቀለም ውስጥ ፓራፌኒሊንዲያሚን የሚባል ቅመም አለ። አንዳንዱን ሰው ክፉኛ ይቆጣዋል። ነገሩ አዲስ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1933 በአሜሪካ «ላሽ ሉር» የተባለ የቅንድብና የሽፋሽፍት ማቅለሚያ የሴቶችን ዓይን እስከማጥፋት ደርሶ፣ የሞተችበትም ሴት ነበረች። የዚያ አገር መንግሥት መዋቢያዎችንም በሕግ መቆጣጠር የጀመረው በ1938 በወጣው ሕግ ነው። «ጥቁር ሂና» የሚሉትም ብዙ ጊዜ ያው ቅመም የተጨመረበት ነው፤ ንጹሕ ሂና ቀላ ያለ ቡናማ እንጂ ጥቁር አይሆንም።

«ታዲያ የእናቶቻችን ኩል ምን አለው?» የምትሉ ትኖራላችሁ። እዚህ ላይ ቋንቋችን ራሱ አንድ ወጥመድ አስቀምጦልናል። የምንጽፍበትም «እርሳስ» ነው፣ ከባዱና መርዛሙ ማዕድንም «እርሳስ» ነው። የምንጽፍበት ግን ከግራፋይትና ከሸክላ አፈር የሚሠራ ስለሆነ፣ ልቡ ውስጥ እርሳስ የለበትም። የቅንድብ እርሳስም በሰምና በቅባት የተለወሰ ቀለም ነው። እርሳስ የሚገኘው ማንም በማይጠረጥረው በኩሉ ውስጥ ነው! በብዙ አገሮች ኩል የሚፈጨው ጋሌና ከሚባል ድንጋይ ነው፤ ይህም እርሳስና ድኝ ማለት ነው። ኩል ሁሉ እንዲህ ነው አንልም፤ ግን በዓይን አይቶ የሚለየው የለም። ማዕድኑ ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ የሚጎዳው የሕፃናትን አንጎል ነው፤ አራስ ልጅ የሚኳልበትም አገር አለ። እኛ ፊደል ልናስቆጥር የምንወጣ ሰዎች ይህን ሰምተን ዝም የምንል አይመስለንም፤ የእናቶችን ወግ ሳናንቋሽሽ በወላጆች ስብሰባ ላይ ማንሣት ይቻላል።

ስለዚህ የእኛ ምርጫ የቅንድብ እርሳስ ነው፤ ለኪስ ገንዘባችንም የሚስማማው እሱ ነው። ዱቄቱ ብሩሽ ይፈልጋል፤ ቆላ የተመደበች ደግሞ ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ሳይደርስ ላቡ ጠርጎ ጉንጯ ላይ ያወርድባታል። ጄሉ ፀጉሩን አስተኝቶ ይይዛል፣ ሳሳ ያለውን ቅንድብ ግን ቀለም የሌለው ጄል አይሞላም። ቀለሙን በተመለከተ የማደሪያችን ክርክር ገና አላለቀም። አብዛኞቻችን ድፍን ጥቁሩ በከሰል የተሠመረ ስለሚመስል ጠቆር ያለ ቡናማ፣ የተቆላ ቡና መልክ ያለው ይሻላል ባዮች ነን። መሞከሪያው በመስኮት ብርሃን እንጂ በማደሪያው አምፖል አይደለም፤ አምፖላችን ሁሉንም ቢጫ ያደርገዋል። አዲስ ዕቃ ሲገዛ ክንድ ላይ በውስጥ በኩል ቀብቶ ሁለት ቀን መጠበቅ ነው። ስሙና ይዘቱ ያልተጻፈበት፣ ጊዜው የተፋቀ ከሆነ በነጻ ቢሰጡንም አንወስድም።

አንድ እርሳስና አንድ ወረንጦ ለስምንት አልጋ የሚለው ወዳጅነትም ይቅርብን። ወረንጦን አገራችን የሚያውቀው እሾህ ለመንቀልና በትራኮማ ወደ ውስጥ የታጠፈ ሽፋሽፍት ለመንጨት ነው፤ ትራኮማ ደግሞ ከዓይን ወደ ዓይን በእጅ፣ በጨርቅና በዝንብ የሚዛመት ነው። ዳቦ እንካፈላለን፣ ማስታወሻ እንዋዋሳለን፣ ይህን ግን ለየብቻ።

ለክፍል ትምህርት የገዛነው መቅረጫ ይበቃል ወይ ላላችሁን፦ አይበቃም። የቅንድብ እርሳስ ብዙውን ጊዜ ወፈር ያለና ለስላሳ ነው፤ በጠባቡ መቅረጫ ከገባ ግማሹ እዚያው ተሰብሮ ይቀራል። ሰፊ አፍ ያለው መቅረጫ አንድ ለክፍል ገዝተናል፤ በበሩ ጀርባ ተንጠልጥሏል፣ በአልኮል ጠርጎ መመለስ ግዴታ ነው።