የጀልዴሳው ብር

ከድሬዳዋ ወደ ሰሜን ምሥራቅ የሚወስደውን የቆላ መንገድ ይዞ የሚጓዝ ሰው፣ እሾኻማ ቁጥቋጦ ከበዛበት ደረቅ ምድር መካከል ጀልዴሳ የምትባለውን ትንሽ ከተማ ያገኛል። ዛሬ ጸጥ ያለች ስፍራ ናት። ነገር ግን ታሪኳን ያወቀ እንግዳ በአሸዋዋ ላይ ሲራመድ የስንት ዘመን የግመል ዱካ እንደሚረግጥ ማሰቡ አይቀርም።

ከባሕር ዳርቻ ከዘይላ ተነሥቶ ወደ ሐረር የሚወጣው የሲራራ ነጋዴ ከግመል ላይ ጭነቱን የሚያወርደው በጀልዴሳ ነበር። ከዚያ ወዲያ ያለው ተራራ ስለ ሆነ ዕቃው በበቅሎና በአህያ ይጫን ነበር። ከ1868 ዓ.ም. እስከ 1877 ዓ.ም. ሐረርን ይዘው የቆዩት ግብፆች በዚህ ጠባቂ ጦር አኑረው ነበር። በጥር 1879 ዓ.ም. ምኒልክ በጨለንቆ ድል አድርገው ሐረር ሲገቡ መንገዱ ወደ እርሳቸው ዞረ። በ1895 ዓ.ም. ግን የምድር ባቡሩ የሐረርን ተራራ ትቶ በቆላው በኩል ድሬዳዋ በደረሰ ጊዜ፣ ንግዱ ሐዲዱን ተከትሎ ሄደ፤ ጀልዴሳም ከመንገድ ቀረች።

የዚያ ዘመን ሲራራ ዋና ገንዘብ ጠገራ ብር ነበር። የኦስትሪያዪቱ ንግሥት የማርያ ቴሬዛ መልክ ያለበት ይህ ገንዘብ፣ ንግሥቲቱ ከሞተች በኋላም የሞተችበት ዓመት፣ በአውሮፓ አቈጣጠር 1780፣ እየተቀረጸበት መመታቱ አልቀረም። ክብደቱ 28 ግራም ያህል ሲሆን፣ ከሺህ 833 እጁ ብር፣ የቀረው መዳብ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ የ1887 ዓ.ም. ቀን አስቀርጸው በፓሪስ ያስመቱት ብርም በክብደቱ ከዚሁ ጋር የተመጣጠነ ነበር።

በትምህርት ቤት ዕረፍት ጊዜ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ወደዚያ ወሰደኝና አያቱ ቤት በሻይ ተቀበሉን። ከጥቂት ጊዜ በኋላ የተማሪዬ ታናሽ ወንድም በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አመጣ። ጎርፍ ከሸረሸረው የወንዝ ዳር ያገኘው ሲሆን፣ ጥቁርና አረንጓዴ ዝገት ያለበሰው ክብ ብረት ነበር። ከምድር በታች ያለውን ብረት በድምፅ የሚጠቁም መሣሪያ ይዞ የሚዞር አንድ ሰው፣ «የሚያበራ ከሆነ እገዛሃለሁ» ብሎት ኖሯል።

«መምህር፣ በሎሚና በአመድ ባሸው ይነጣ የለም?» አለኝ።

ወዲያው መመለስ አቃተኝ። እኔም በልጅነቴ፣ በሰሜን አገር ከየኔታ እግር ሥር ስማር፣ አንድ ገበሬ ሲያርስ ያገኛትን ትንሽ አረንጓዴ ሳንቲም ለየኔታ አምጥቶላቸው ነበር። ደስ ላሰኛቸው ብዬ በሎሚና በአመድ ስፈትጋት አመሸሁ። ጠዋት የምታበራ ልሙጥ መዳብ ይዤ ቀረብሁ። የኔታም አገላብጠው አይተው፣ «ልጄ፣ እድፉን አጠብህ፤ ጽሕፈቱንም አብረህ አጠብህ» አሉኝ እንጂ አልተቈጡም።

በኋላ በመጽሐፍ እንደ ተማርሁት፣ የአክሱም ነገሥታት ከሦስተኛው መቶ ዓመት አንሥቶ ወርቅ፣ ብርና መዳብ ያስመቱ ነበር። ንጉሥ ዒዛናም ክርስትናን በተቀበለ ጊዜ በገንዘቡ ላይ የነበረውን የጨረቃ ምልክት አንሥቶ መስቀል አኖረበት። በአንዳንዱ የአክሱም መዳብ ላይም በመስቀሉ ዙሪያ ስስ ወርቅ ተለብጦበታል። የእኔዪቱ ሳንቲም የማን እንደ ነበረች ግን ከእንግዲህ የሚያውቅ የለም።

ይህን ለልጁ ከነገርሁት በኋላ ምክንያቱን አስረዳሁት። ጥቁሩ ብሩ ከድኝ ጋር ሲዋሐድ የሚሆነው ነው፤ አረንጓዴው ከውስጡ ካለው መዳብ ይወጣል። የሎሚው ኮምጣጣ መዳቡን ያሟሟል፤ አመዱና አሸዋው ደግሞ ጽሕፈቱን ይፍቃል። ዝገቱ መልኩን ወርሶ ሲቀመጥ፣ ዝገቱን መፋቅ መልኩን መፋቅ ነው። ብናኝ ሆኖ የሚረግፍ ፈዛዛ አረንጓዴ ከታየ የጨውና የእርጥበት ሥራ ነውና በደረቅ ቦታ ማኖር ይገባል። ስለዚህ የሚሻለው በወረቀት ጠቅልሎ፣ የተገኘበትን ስፍራ ጽፎ፣ ጥበቡን ለተማረ ባለሙያ መስጠት ነው።

በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 209ም ቅርስ በድንገት ያገኘ ሰው ወዲያው እንዲያስታውቅና እስኪረከቡት ድረስ እንዲጠብቀው ደንግጓል።

ሽማግሌው ተማሪዬ እያስተረጐመላቸው ሲያደምጡ ቈይተው፣ «መምህር፣ ያ ሰው ገንዘብ ይሰጠዋል። የእርስዎ ሕግ ለልጄ ምን ይሰጠዋል?» ብለው ጠየቁኝ። ጥያቄው እውነት ነበር። የልጁን የተቀደደ ጫማ እያየሁ የማልችለውን ተስፋ መስጠት አልደፈርሁም። «አባ፣ ስለ ክፍያው ቃል ልሰጥዎ አልችልም። ከታጠበ ግን የልጅ ልጅዎ የሚያነበው ነገር አይቀርም» አልኋቸው።

ብዙ ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያም ብሩን በመዳፋቸው መዝነው፣ «አባቴ ግመል ነጂ ነበር፤ ለእንዲህ ያለው ብር ስንት ሌሊት በእግሩ ሄዷል» አሉና፣ ከነዝገቱ በጨርቁ መልሰው ጠቅልለው ለልጁ ሰጡት።

በማግስቱ ከልጁ ጋር ወደ ድሬዳዋ ተመለስን፤ ጉዳዩ ወደሚመለከተው መሥሪያ ቤትም አብሬው ገባሁ። ስሙንና ብሩ የተገኘበትን ቦታ በራሱ እጅ ጻፈ። ወላጆች ሆይ፣ በየሣጥናችሁ የአያቶቻችሁ ብር ጠቍሮ ብታገኙት ለበዓል ብላችሁ አታሹት። እንደ ጠቈረ ለልጆቻችሁ አሳዩአቸው፤ ከየት እንደ መጣም ንገሯቸው።